ወንድም ጋሼና የተገለበጡት ዳዶዎች

ስለ ታላቅ ወንድሜ ልጻፍ እያልኩ ስንት ጊዜ ተነስቼ ተውኩት። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ነው የምሰፋው፤ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ እጄ ላይ አይረጋም። ግን ያቺን የፍጻሜ ቀን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ሰውነቴን ይነዝረኛል። ስለዚህ እንደሆነው እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ የተሳሳተ ፊደል ካለ ተዉልኝ።

ወንድሜ የሚኒባስ ሹፌር ነው። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሰፈሩ ግን እሱ በሌለበት «ቀስ በሉ» ነው የሚለው። ሌላው ሹፌር ሲሳደብ፣ ጥሩምባ ሲያስጮኽ፣ እሱ «ቀስ በሉ» ይላል። ሚስቱ ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ሲወስዳት፣ እሷ ከኋላ እየጮኸች እሱ መብራት ላይ ቆሞ «ቀስ በሉ» ብሏታል። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሚስቱ እትዬ «ልጄ መንገድ ላይ ያልተወለደችው እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው እንጂ እሱ ነድቶ አይደለም» ትላለች።

አንድ ልማድ አለው። ከከተማ ሲወጣ ትንሽ ይነዳና ዳር ይዞ ይቆማል። ይወርድና አራቱንም ጎማ እየዞረ በእጁ ጀርባ ይነካቸዋል፣ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትነካው። የጋለ ነገር ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ተሳፋሪው ይስቃል፣ የቸኮለው ይቆጣል።

«ትኩሳት አለው እንዴ ጋሼ?» ይሉታል።

«የለውም፤ ደህና ነው» ይልና ይገባል። ሲቀልዱበት አይግባው ወይ ንቆ ይለፈው፣ እኔ እንጃ።

ቸርኬዎቹን ደግሞ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ክብ ብረት ማለቴ ነው፣ በየዓመቱ እየፈታ ብርማ ቀለም በብሩሽ ይቀባቸዋል። አንዴ ዝናብ ሆኖበት ኩሽና ውስጥ ሊያደርቃቸው ደረደራቸው። እትዬ ከሥራ ስትመለስ በሩቅ አይታ አዲስ ድስት የተገዛላት መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው።

ልጃቸው፣ ያቺ መንገድ ላይ ሳትወለድ የቀረችው፣ አሁን ትልቅ ሆና ለሰፈራችን የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። ደጋፊው «ግድግዳ» ይላታል። የቡድኑን ማሊያ የምሰፋው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ልጆቹ ተአምር ሠሩና ለፍጻሜ አለፉ፣ ከዚህ በፊት ሆኖም አያውቅ። ጨዋታው ሌላ ከተማ ነው። አውቶቡስ የለን፣ ተቀያሪ ተጫዋች እንኳ የለን። ያለን የወንድም ጋሼ ሚኒባስ ብቻ ነው። በሰዓቱ ካልደረስን ፎርፌ ነው፤ ዋንጫው ሳንጫወት ይሄዳል። ወንድም ጋሼ ለልጁ «እኔ አደርስሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላት። እሱ ደግሞ ቃሉን እንደ መኪናው ነው የሚይዘው።

ለመንገዱ ብሎ አራት አዲስ ጎማ አስገባ። የሰፈራችን ጎማ ጠጋኝ ነፋሱ ነው። ስሙ አይደለም፣ ሥራው ነው ያወጣለት፤ ነፋስ ይሞላል፣ እንደ ነፋስም ይሮጣል። የቡድናችን ቁጥር አንድ ደጋፊ ነው፣ ከበሮውን ከአንገቱ አያወልቅም። ወንድም ጋሼ በጨዋታው ዕለት ጠዋት መኪናዋን ሲወስድለት፣ እንደ ልማዱ አጠገቡ ቆሞ ሊያይ ፈለገ።

«ጋሼ፣ እንደ አማት አትቁምብኝ» አለው ነፋሱ፣ «እጄ ይተሳሰራል። ሂድ ቁርስህን ብላ።»

ወንድም ጋሼ ይሉኝታ ይገድለዋል። ሄደ። ቁርሱን በላ።

እንግዲህ ተነሳን። አሰልጣኟ ከፊት፣ ልጆቹ ላይ በላይ ተደራርበው፣ እኔ መርፌና ክር ይዤ ጥግ ላይ፣ ነፋሱ ከኋላ ከነከበሮው። ዘፈኑ! ጣራው ሊነሳ ነበር። እኔ እንኳ፣ በሰው ፊት ድምፅ የማላወጣው ሴትዮ፣ በከንፈሬ አብሬ እል ነበር። ከተማውን እንደወጣን ሚኒባሷ ዳር መያዝ ጀመረች።

«እንዴ! ዛሬም?» አለች አሰልጣኟ። «ጋሼ፣ የዛሬን እንኳ ይለፈን!»

«አባዬ በናትህ!» አለች ልጁ ከኋላ።

«ቀስ በሉ» አለና ወረደ።

ልጆቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያፏጩበታል። «ትኩሳት ካለው ኪኒን ስጠው!» ይሉታል። እሱ የቀኙን ፊት ነካ። የቀኙን ኋላ ነካ። ዞረ። የግራውን ኋላ ሲነካ እጁን ሰብስቦ አነሳ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱን አየሁት፤ አመድ መስሏል።

«ነፋሱ» አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ «እስኪ ና።»

ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሁላችንም ግር ብለን ወረድን።

እኔ የመኪና ነገር ብዙ አላውቅም፤ እዚያ ላይ ግን ሕፃንም ያየዋል። ዳዶ፣ ጎማውን የሚያስረው ማለት ነው፣ አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ያ ሾጣጣው ወደ ቸርኬው ቀዳዳ ገብቶ መንከስ አለበት። እነዚህ ግን ሾጣጣቸው ወደ ውጭ ነው። ሁሉም ተገልብጠዋል። ስለተገለበጡም አልነከሱ፣ ስላልነከሱም ላሉ፣ ጎማው ሲወዛወዝ ክቡ ቀዳዳ ተበልቶ እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኗል። ያ በብሩሽ የተቀባው ብርማ ቀለምም በብረት ተፍቆ ዳር ዳሩ ቆዳው ተገሽልጧል። የግራው ፊትም ዳዶው ተገልብጧል፣ ደግነቱ ቀዳዳው ገና አልተበላም።

«ቀኙ ደህና ነው» አለ ወንድም ጋሼ። «ግራው ምን በደለህ?»

ነፋሱ ከበሮው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። «ጋሼ... ቀኙን ስጨርስ የደጋፊዎቹ የሙዚቃ መኪና መጣ። እየጨፈርኩ ነው የግራውን... ሳላየው...»

«እየጨፈርክ!» አለች አሰልጣኟ። «አንተ መደብደብ ያለብህ ከበሮውን ሳይሆን ራስህን ነው!»

ስልኳ ጮኸ። አዘጋጆቹ ናቸው። ቀላች፣ «መጣን፣ መጣን» አለች፣ ዘጋች። «ተጋጣሚዎቻችን ሜዳ ገብተው እያሟሟቁ ነው። ዳኛው አልጠብቅም ብሏል።»

ነፋሱ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «ጋሼ፣ ዳዶውን ገልብጠን ጥብቅ እናድርገውና እንሂድ። እዚያ ድረስ ይችላል።»

«በዚህ ቸርኬ እንኳን ልጆቹን ባዶ ወንበሬን አልጭንም» አለ ወንድም ጋሼ። «ትርፍ ጎማውን አውርድ። ክሪኩን አምጣ።»

ነፋሱ ትርፍ ጎማውን ብቻ አወረደ።

«ክሪኩን አምጣ እንጂ!»

«ክሪኩ... ሱቅ ነው ያለው። ጠዋት መኪናዋን በሱ አንስቼ... እዚያው ረስቼው...»

ጉድ ፈላ! ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንዷ አጥቂ ጫማዋን አውልቃ ልትወረውርበት ስትል አሰልጣኟ እጇን ያዘች፤ «ጫማሽን ለጎሉ አስቀምጪው!» አለቻት። መንገዱ ጭር ብሏል። የሚያልፍ መኪና የለም። የወንድሜን ልጅ አየኋት፣ ጓንቷን በሁለት እጇ እያጠማዘዘች አባቷን ታያለች። አባቷ ደግሞ መሬት መሬት ያያል። ቃሉን ያሰበ መሰለኝ። አንጀቴን በላው።

በመጨረሻ ልጅቷ ጓንቷን ወርውራ ሰጠችኝና «እናንሳት!» አለች።

«ምኗን?»

«መኪናዋን! አሥራ አንድ ነን አይደል?»

«እብድ ናችሁ?» አሰልጣኟ ጮኸች። «እግራችሁ! ጣታችሁ! ጨዋታ አለባችሁ እኮ!»

«አሰልጣኝ፣ ማሟሟቂያ ነው!»

ሳቁ ሲፈነዳ ፍርሃቱም አብሮ ወጣ። ወንድም ጋሼ የፊቱን ጎማዎች በድንጋይ አስደገፈ። ነፋሱ ከበሮውን ጥሎ ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተሸከመ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር በሬም እንደዚያ አይሸከም። ልጆቹ ከኋላ በግራ በኩል ተደረደሩ። ወንድም ጋሼ «ቀስ በሉ!» አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቀስ አንልም!» ብለው ብድግ አደረጓት! በዓይኔ አየሁ፣ ጎማው ከመሬት ተነሳ! ነፋሱ ድንጋዩን ከሥር ገፋው፣ አንድ ደገመ፣ «ልቀቁ!» አለ። ረጋች።

ወንድም ጋሼ ወደኔ ዞረ። «እቱ፣ ዳዶውን አንቺ ያዥ። አንድ አንድ እያልሽ ስጪው። ሾጣጣው ወደ ውስጥ።»

ነፋሱ የተበላውን ጎማ ሲፈታ ዳዶዎቹን ቀሚሴን ዘርግቼ ተቀበልኩ። እያንዳንዱን በጠርዙ ጠርጌ፣ ሾጣጣውን አስቀድሜ፣ ነፋሱ እጅ ላይ አኖርኩ። «እትዬ፣ ትክክል ነው አይደል?» ይለኛል በእያንዳንዱ። «ትክክል ነው» እለዋለሁ፣ ቀጣዩን እየጠረግኩ። ትርፉ ጎማ ገባ። የግራው ፊት ዳዶዎችም አንድ በአንድ እየተፈቱ ተገለበጡ፣ ጠበቁ። ያንን እንቁላል የሆነ ቸርኬ ልጆቹ እግር ሥር ወረወርነውና ተሳፈርን።

አሁን ይበር ይሆን? ሁላችንም የጠበቅነው ያንን ነበር። አልበረረም። እንደ ወትሮው ነዳ። አሰልጣኟ ሰዓቷን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጥቂት እንደሄድን፣ አምላኬ ሆይ፣ እንደገና ዳር መያዝ ጀመረ!

ልጆቹ እሪ አሉ። «ጋሼ ገደልከን!»

«አዲስ የታሰረ ዳዶ ትንሽ ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠብቃል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሚኒባሷ ቀጥ ሳትል ግን አንዱ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወርዷል። ነፋሱ ነው። መፍቻውን ይዞ ጎማው ላይ ተደፍቷል። እውነትም አንዱ ዳዶ ትንሽ ዞረለት። ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አንዱ ላልቶ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጮኸ።

ስንደርስ ሜዳው ጢም ብሏል። ዳኛው ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ልጆቹ መኪናዋ ሳትቆም በመስኮቱም በበሩም ፈሰሱ! የወንድሜ ልጅ አንዱን ጓንት በጥርሷ እየሳበች ሮጠች። ቁጥሯ ገና ያልተሰፋላት አማካይ እየሮጠች፣ እኔም ከኋላዋ እየሮጥኩ፣ ማሊያዋ ላይ ሰፋሁላት፤ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ፊሽካው ተነፋ። ደረስን! ፎርፌ የለም!

ነፋሱ ከበሮውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ ሊፈተለክ ሲል ወንድም ጋሼ እጅጌውን ያዘው።

«ወዴት?»

«ጋሼ... ጨዋታው!»

«መፍቻው ያውልህ። አራቱንም ጎማ፣ አንድ በአንድ፣ እየፈታህ እያየህ እንደገና ታስራለህ። ማታ እነዚህን ልጆች ይዤ ነው የምመለሰው።»

ነፋሱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ተቀመጠ። ወንድም ጋሼም አጠገቡ ቆመ፣ እንደ አማት። እሱ ራሱ አልገባም። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፦ ኳስ ወደ ልጁ ሲመጣ ማየት አይችልም፣ ዓይኑን ይጨፍናል። መኪናዋ የቆመችው ከሜዳው ግንብ ጀርባ ነው፤ ጩኸቱ ይሰማል፣ ሜዳው አይታይም። የብረቱ በር ላይ ግን ስንጥቅ አለች።

«እትዬ፣ እባክሽ እይልኝ!» አለ ነፋሱ።

ዓይኔን ስንጥቋ ላይ ለጠፍኩ። «እ... ኳሱ እኛ ጋ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁም!»

«እኛ ጋ ነው!» አልኩ ጎላ አድርጌ። በመንገድ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ዞራ አየችኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። ግን ያቺ አጥቂ፣ ጫማዋን ልትወረውር የነበረችው፣ በዚያው ጫማ መታችና መረቡ ተወጠረ። ከዚያ በኋላ ማፈሩን ረሳሁት። «ጎል! ጎል ነው!» ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ነፋሱ ሊነሳ ሲል «ዳዶው» አለው ወንድም ጋሼ። ተቀመጠ።

እንዲህ ስንል ጨዋታው ሊያልቅ ደረሰ፣ ነፋሱም የመጨረሻው ጎማ ላይ ደረሰ። በድንገት ሜዳው ጸጥ አለ።

«ምን ሆነ?»

«ፔናሊቲ» አልኩ። «በኛ ላይ!»

ወንድም ጋሼ መኪናዋ ላይ እጁን ጣለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ነፋሱ የመጨረሻዋን ዳዶ ይዞ ቀረ። የወንድሜ ልጅ መስመሩ ላይ ቆማ እጇን ስትዘረጋ አየሁ። መቺዋ ሮጠች። መታች። ልጅቷ ወደ ግራ ተወረወረች...

«ያዘችው! ወንድም ጋሼ! ያዘችው! ያዘችው!»

ነፋሱ መፍቻውን ጥሎ ብድግ!

«ዳዶው!» አለ ወንድም ጋሼ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ነፋሱ ተመልሶ ተንበረከከ። እየሳቀ፣ እያለቀሰ፣ ሾጣጣውን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ሲጥ እስክትል አጠበቃት። ወንድም ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በእጁ ጀርባ ነካው።

«በል አሁን ዝለል» አለው።

እሱም አብሮት ዘለለ። ያ ሽማግሌ! እንደ ጥጃ!

ስንመለስ ዋንጫው ከፊት አሰልጣኟ ጭን ላይ፣ የተበላው ቸርኬ ደግሞ ልጆቹ እግር ሥር ነበር። ከከተማው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ሚኒባሷ ዳር ያዘች። ማንም አላፏጨም። ሁሉም ወረዱ፣ በየጎማው ዙሪያ ተኮለኮሉና በእጃቸው ጀርባ ነኩ።

«ትኩሳት የለውም ጋሼ!» አሉ።

«አይቻለሁ» አለ። «ግቡ። ቀስ በሉ።»