በቁሙ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

በታቦር ተራራ ግርጌ በምንኖርባት የቀበሌ ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበረን። በመንደሩ ሌላ ስላልነበረ፣ ምሽት ላይ ሳሎኑ የእኛ መሆኑ ይቀራል። ባለቤቴ አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ትዋሳለች፤ እኔ ብዙውን ጊዜ የማየው በሩን ተደግፌ ነበር።

የሸንጎ ምርጫ በተቃረበበት ወቅት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽሑፍ አርቃቂ ነበርኩ። በቴሌቪዥን የሚተዋወቁትን የአካባቢያችንን እጩዎች የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቶ ወደ አዲስ አበባ መላክ የእኔ ድርሻ ሆነ። ሥራውን በጥንቃቄ ሠራሁት። የተመረጡበትን ኮሚቴ፣ ያስተከሉትን ችግኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማሩበትን ጣቢያ፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ከእጩዎቹ አንዱ ጎረቤቴ የሆነ መምህር ነበር። ስለ ራሱ ጽፎ የሰጠኝ ግማሽ ገጽ ነበር፤ እኔ አራት ገጽ አድርጌ አሳየሁት።

«ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

ከሳሎናችን ታዳሚዎች ሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ሐይቅ ዳር ዓሣ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። የመጨረሻ ልጃቸው ለኪነት ቡድን ተመልምላ አዲስ አበባ ከሄደች ዓመት አልፏት ነበር። ቡድኑ የተቀረጸበት የሲዳማ ጭፈራ በቅርቡ በቴሌቪዥን እንደሚታይ ጽፋላቸው፣ ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ቴሌቪዥኑ ገና ሳይከፈት መጥተው ይቀመጣሉ።

ጭፈራው ከእጩዎች ትውውቅ ቀጥሎ፣ ከዜና በፊት እንደሚቀርብ ይነገራል። ትውውቁ ግን ሰዓቱን ይበላዋል። የማይነቃነቅ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ከሥሩ የምርጫ ምልክቱ፤ ከኋላው የአንባቢው ከባድ ድምፅ። ሦስት ሰው ይቀርባል፣ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ይባላል፣ ከዚያ ዜና ይገባል። ሁለት ምሽት እንዲህ ሆነ። በሁለተኛው፣ የመራጭነት ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት እማማ ብድግ ብለው፣ «እኔ እንደሆን የምመርጠው ቶሎ የሚጨርሰውን ነው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ አወካ። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ አራት ገጽ ገና እንዳልተነበበ ግን አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት የመምህሩ ተራ ደረሰ። ከእማማ አጠገብ አንገቱን ሰብሮ ተቀምጧል። በፎቶግራፉ ላይ ክራባት አስሮ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ስለነበር በቀላሉ የሚታወቅ አልነበረም። አንባቢው ከትውልድ ቦታው ጀመረ። የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መድረሻ ቀድሜ ስለማውቀው፣ አልዋሽም፣ በመጀመሪያው ገጽ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። በሁለተኛው ገጽ እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እንዲህ ያለ ሰው! ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ሲሉ አጠገባቸው ያለውን ሰው በሹክሹክታ ጠየቁት።

የሰው ታሪክ ፎቶግራፉ ቆሞ፣ ከልደቱ ጀምሮ እንዲህ ተዘርዝሮ ሲነበብ እማማ የሰሙት በቀብር ላይ ብቻ ነበር።

«አልሞትኩም እማማ» አለ መምህሩ።

ዞረው አዩት፤ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ እንደገና አዩት። «የጌታ ያለህ! አንተ ነህ እንዴ? ታዲያ በቁምህ ምን ያስነብብሃል? ሟርት ነው እኮ ልጄ!»

«እኔ የሰጠሁት ግማሽ ገጽ ነበር።»

«ማነው ታዲያ ይህን ሁሉ የደረደረው?»

መምህሩ ቀስ ብሎ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ተመለከተ። እማማ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ነህ?» አሉ። «ደብዳቤዋን እኮ ያነበብክልኝ አንተ ነህ።»

ወዲያው የዜናው ሙዚቃ ተሰማ፤ ጭፈራው በዚያም ምሽት ሳይታይ ቀረ።

በማግስቱ ገና ያልተላከ የሦስት እጩዎች ታሪክ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እያንዳንዱን ወደ አሥራ ሁለት መስመር አወረድኩት። አለቃዬ አስጠራኝና ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ምነው፣ ቀለም ተወደደ እንዴ?» አለኝ።

«በአሥራ ሁለት መስመር ያልታወቀ ሰው በአራት ገጽም አይታወቅም» አልኩ።

በዚያ ዘመን ለአለቃ እንዲህ ብሎ መመለስ ቀላል አልነበረም። ወረቀቱን እንደገና አነበበና ፈረመ። በአገልግሎት ዘመኔ ካረቀቅኋቸው ጽሑፎች ሁሉ አሁንም ደስ የሚለኝ ያ አሥራ ሁለት መስመር ነው።

ሦስቱ የቀረቡበት ምሽት ትውውቁ ቶሎ አለቀ፤ የኪነት ቡድኑም ወጣ። ልጅቷ በሁለተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነበረች። መምህሩ «ያቻት! ያቻት!» ብሎ ጮኸ፤ እማማ ግን ቀድመው አይተዋታል። ጭፈራው እስኪያበቃ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

«ታድለው እማማ፣ እንዴት አምሮባታል!» አለቻቸው ባለቤቴ።

እማማ እንባቸውን አልጠረጉም። «ከስታለች» አሉ። «ነገ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጉልኝ።»