አስፒራተሯና የእሁዱ ጠረጋ

መጥረጊያ መያዝ የተውኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ማንኛዋም የመጋላ ሠፈር ልጅ ጧት ተነስቼ ቤቱን፣ በረንዳውንና ከበሩ ፊት ያለውን መሬት እየጠረግኩ ነው ያደግኩት። ድሬ ዳዋ ላይ ጠረጋ አያልቅም። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካልመጣበት በቀር ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያ አሸዋ በመስኮት፣ በበር ስር፣ በቆርቆሮው ሽንቁር ይገባና ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ጧት አውጥተሽ የጣልሽውን ከቀትር በኋላ መልሰሽ ታገኚዋለሽ።

ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ምንጣፍ ሳራግፍ ትንፋሼ ታፈነ። አየሩ እንደ ምንም ይገባል፣ አልወጣም ይላል። ደረቴ ያፏጭ ጀመር። ባሌ በጋሪ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። መርፌ ከተወጋሁ በኋላ ሐኪሙ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አስም ነው» አለኝ። «ኪኒን እሰጥሻለሁ። አቧራ ስታስነሺ ከዋልሽ ግን ኪኒኑ ብቻውን አያድንሽም።»

«ታዲያ ቤቴን ማን ይጥረገው?»

«እሱን ባልሽን ጠይቂው» አለና፣ አቧራ ካለበት ሥራ እንድርቅ የሚል ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

ባሌ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ወንድሙን በእነዚያ ክፉ ዓመታት ከሥራ ቦታው ወስደውት አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ባሌ የሚናገረው ለአስፈላጊ ነገር ብቻ ሆነ። ሳይከራከር ጧት ጧት በሩን ዘግቶ መጥረግ ጀመረ። በሩን የሚዘጋው ጎረቤት እንዳይስቅበት ነው። ነገር ግን መጥረጊያ አቧራውን ከመሬት አንስቶ አየር ላይ ነው የሚያኖረው። እሱ ወደ ሥራ ሲሄድ እኔ አቧራው እስኪሰክን ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። በልብስ ስፌት ነበር የምተዳደረው፤ የስፌት መኪናዬ ቤት ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ግማሽ ቀኔ እንዲሁ ያልፍ ነበር።

ከግቢያችን ማዶ አንዲት ሶማሌ ጎረቤት ነበረችን። በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ጨርቅ፣ የዱቄት ወተትና ሽቶ የምታመጣ፣ በዕድሜ የእናቴ እኩያ የሆነች ሴት። ኤዶ እላታለሁ፤ በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። እሷ ደግሞ አባዮ ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ከባቡር በወረደች ማግስት ከበሯ ላይ ጠራችኝ።

«አባዮ፣ ነይ እስቲ። ለትንፋሽሽ የሚሆን ነገር አምጥቻለሁ።»

መድኃኒት መስሎኝ ሄድኩ። ከሻሽ ውስጥ ፈትታ ያወጣችው ግን ክንድ ከስንዝር የሚሆን የቆርቆሮ ቱቦ ነው። በአንድ ጫፉ እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ አፍ አለው፤ በሌላው ጫፍ የእንጨት እጀታ፣ ከጎኑ ደግሞ ወፍራም የጨርቅ ከረጢት። እጀታውን ስትስቢው አፉ አቧራውን ይመጥጣል፤ ስትገፊው አየሩ በጨርቁ ተጣርቶ ይወጣና አቧራው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል።

«አስፒራተር ነው» አለች ኤዶ። «ጅቡቲ የነበሩት ፈረንሳዮች አገራቸው ሲገቡ ለሠራተኛቸው ትተውላት ሄዱ። እሷ ደግሞ ምን እንደሚሠራ አላወቀችም። መብራት አይፈልግም፣ እጅ ብቻ ነው።»

ዋጋውን ቀሚስ ሰፍቼላት አቻቻልን። የዚያን ዕለት ምንጣፉን በሙሉ በጉልበቴ እየሄድኩ ሳብኩት። ክንዴ ዛለ። ከረጢቱን ውጭ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ስገለብጠው የወጣው አቧራ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነበር። በመጥረጊያ ጠረግኩት በምለው ምንጣፍ ላይ ያ ሁሉ መኖሩ ገረመኝ። በሳምንቱ ደረቴ ማፏጨት አቆመ። መኪናዬ ላይ ሙሉ ቀን መዋል ጀመርኩ።

የሠፈር ሴቶች ሊያዩዋት መጡ። «የጎማ መንፊያ ገዛች» ብለው ሳቁ፤ ቀጥለው ግን እያንዳንዳቸው ተራ በተራ ሳቧት። ወሬው እንዲህ ነው ቀበሌ የደረሰው።

በዚያን ጊዜ የእሁድ ጠረጋ ነበር። ከየቤቱ አንዲት ሴት ጧት አንድ ሰዓት ላይ መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች፤ መንገዱ ይጠረጋል፤ መፈክር ይባላል፤ ስም ይመዘገባል። እኔ የሐኪሙን ወረቀት አሳይቼ ተፈቅዶልኝ ነበር። ከዚያ ግን ለሴቶች ማኅበሩ አዲስ ሊቀ መንበር ተመረጠች። የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ የሠፈራችን ልጅ። ፊደል የቆጠርነው አንድ ወንበር ላይ ነው። አስጠራችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቴ ተዘርግቶ ነበር። አላነበበችውም።

«ቤትሽን በፈረንጅ ማሽን ታጸጃለሽ አሉ» አለችኝ።

«በእጅ የሚሳብ ነው። ማሽን አይባልም።»

«ለራስሽ ቤት ጉልበት አለሽ፣ ለሰፊው ሕዝብ መንገድ ግን ትታመሚያለሽ። ይሄ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው።»

«ወረቀቱን አንብቢው።»

«እሁድ ስብሰባ ላይ ተነስተሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ስሕተቴን አምናለሁ ትያለሽ፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።»

ድሬ ውስጥ አንቱ መባባል ብዙም የለም። ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ብለን ነው የምንኖረው። ያን ቀን ግን አብራኝ ያደገችውን ልጅ «እርስዎ» አልኳት።

«እርስዎ ጥፋቴን ይንገሩኝ፣ አምናለሁ። መተንፈስ ከሆነ ጥፋቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ወረቀቴን አጥፋ ወደ እኔ ገፋችው።

ባሌ ማታ ሲመጣ ነገርኩት። እራቱን ትቶ ተነሳ።

«በይው» አለኝ። «ተሳስቻለሁ በይ። አንድ ቃል ነው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንዳልተሳሳትሽ አውቃለሁ። ወንድሜም አልተሳሳተም ነበር።»

 ስለ ወንድሙ ሲያነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ማታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያች ቃል ይረታል። እኔ ግን የሆነ ነገር ውስጤ ደርቆ ነበር። ለሁሉ ነገር እሺ ብለናል፤ ተሰለፉ ሲሉ ተሰልፈናል፤ እጅ አውጡ ሲሉ አውጥተናል፤ ያልወደድነውን አጨብጭበናል። የገዛ ደረቴን ደግሞ ተሳስቷል ብዬ በሕዝብ ፊት እንድመሰክርበት ነው የፈለጉት። አልችልም አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ስሜ ተጠራ። ቆምኩ። «የምለው የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ።  ከኋላዬ አንዲት ሴት በድንጋጤ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። በማግስቱ የሸማቾች ሱቅ ካርዳችን ተያዘ። ስኳርና ዘይት ቀረብን።

በሚቀጥለው እሁድ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ውጪ ያለኝ የለም፣ ራሴ ነኝ። አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ አስፒራተሯን ይዤ፣ ሴቶቹ ከተሰለፉበት ራቅ ብዬ ነፋሱ ከኋላዬ በሚሆንበት በኩል ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሥር ተንበረከክሁ። ሳብኩ፣ ገፋሁ። ሳብኩ፣ ገፋሁ። የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ወጣሁ። ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ብዙዎቹ ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት ወይስ በቀበሌው፣ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ሊቀ መንበሯ መጥታ በላዬ ላይ ቆመች።

«በሕዝብ ዘመቻ ታሾፊያለሽ?»

«ጥረጊ ብለውኛል፣ እየጠረግኩ ነው። መሳሪያዬ ይኸው ነው።»

አንድ ጥበቃ አስፒራተሯን ከእጄ ነጠቀ። ውስጥ አስገቡኝ። ያን ጊዜ ነገሩ መልኩን ቀየረ። አንድ የማላውቀው፣ ካኪ የለበሰ ሰው ቱቦውን እያገላበጠ አየው፤ ከሥሩ የተጻፈውን ፈረንሳይኛ በጣቱ ነካው።

«ይህ ኮንትሮባንድ ነው» አለ። «ከማን ነው የገዛሽው?»

ለጠረጋው፣ ለሹፈቱ፣ ለግለ ሂሱ የምመልሰው ነበረኝ። ለዚህ ግን አላሰብኩበትም። ኤዶ ትዝ አለችኝ። ባሏ ሞቶባት በዚያ ባቡር ነው አምስት ልጅ ያሳደገችው።

«ከቀፊራ» አልኩ። «ገበያ ላይ።»

«ከማን?»

«ከሻጭ።»

«መልኩን ንገሪኝ።»

«ገበያ ስሄድ የማየው ዕቃውን ነው።»

ሊቀ መንበሯ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ኤዶን ታውቃታለች፤ ልጅ ሆነን የጅቡቲ ብስኩት የሰጠችን ሴት ናት። ዕቃውን ማን እንዳመጣው ለማወቅ ደግሞ መጋላ ውስጥ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። አየኋት። ወደ ውጭ ትመለከታለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ይህንን ዛሬም ለእሷ እቆጥርላታለሁ።

እስክታስታውሺ ብለው መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። ባዶ የዱቄት ጆንያ የተከመረበት ክፍል ነው። በሩ ሲዘጋ ወለሉ ላይ ያለው የዱቄት ብናኝ ሁሉ ተነሳ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ ቻልኩት፤ ከዚያ ደረቴ ያዘኝ። በሩን መደብደብ ጀመርኩ። የመጣው አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነው። ከፍቶ አየኝና «ያ ረቢ» አለ። ማንንም ሳይጠይቅ ክንዴን ይዞ አወጣኝ፣ በሩ ደፍ ላይ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፣ ውኃ አመጣልኝ።

ካኪ ለባሹ ሲመለስ ተቆጣ። «ማን አውጣ አለህ?»

«ውስጥ ብትሞት ማን ይቀብራታል?» አለ ሽማግሌው። «አቦ፣ እዚህ ሆኜ እጠብቃታለሁ። እንኳን መሮጥ መተንፈስ አቅቷታል።»

ሁለት ቀን እዚያ ደፍ ላይ ዋልኩ፤ ሌሊቱንም እዚያው አደርኩ። ጧትና ማታ ይጠይቁኛል። ቀፊራ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ባሌን አስጠርተው በዋስ ለቀቁኝ። ፈረመ።  አስፒራተሯ እዚያው ቀረች፤ ዳግመኛ አላየኋትም።

ኤዶ ያን ዕለት መጣች። አላመሰገነችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ይዛ ቆየችና፣ «አባዮ፣ አንቺ እብድ ነሽ ወላሂ» አለችኝ። ከዚያ ከሻሿ ጫፍ የተቋጠረ ስኳር ፈትታ አስቀመጠችልኝ።

ቤቱ ተመልሶ አቧራ ለበሰ። ደረቴም ማፏጨቱን ጀመረ። አንድ ወር ያህል እንዲህ ሆንኩ። ባሌ በዚያ ወር ከሥራ ሲመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በመቀስና በመዶሻ የሆነ ነገር ይቀጠቅጣል፤ ብጠይቀው «ተይኝ» ይለኛል። የዘይት ቆርቆሮ ጠቅልሎ ቱቦ አወጣ። የገዛ ቀበቶውን ቆርጦ በዘይት ነክሮ ለውስጡ መሳቢያ ቆዳ ሠራለት። ከረጢቱን እንድሰፋ ልኬቱን በክር ሰጠኝ። የመጀመሪያው ሙከራ ምንም አልሳበም። ሁለተኛው በጎን አየር ያስወጣ ነበር። ሦስተኛውን ምንጣፉ ላይ አድርጎ ሲስበው አሸዋው ሲንኮሻኮሽ ገባ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ በአፌ መናገር አልችልም» አለኝ። «ይህን ግን እችላለሁ።»

እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። ቀበቶ እስኪገዛ ድረስ ሱሪውን በገመድ አስሮ ሥራ ሄደ።

እንደ ፊተኛዋ ቀላል አልነበረችም፤ ትከብዳለች፣ ትጮኻለች። ለስፌት የሚመጡ ሴቶች አይተዋት ሁለቱ ለራሳቸው አሠሩ። አንዷ የምትጋግረው ዱቄት የሚያስነጥሳት ሴት ናት፤ ሌላዋ ልጇ እንደ እኔ የሚያፏጭባት።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ሊቀ መንበሯ ራሷ ቤቴ መጣች። ካርዳችንን ይዛለች። እየሰፋሁ ነበር፤ አልተነሳሁም፣ ወንበር ግን አሳየኋት። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተደግፋ የቆመችው ቱቦ ላይ አረፈ። መደበቅ እችል ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ ጊዜ ነበረኝ። አልደበቅኳትም።

«ይህንንስ ማን አመጣልሽ?»

«እዚሁ ድሬ ነው የተሠራችው። ቀረጥ የለባትም።»

«ግለ ሂሱ መዝገብ ላይ አልተዘጋም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ መስመር ጻፊልኝና ልዝጋው።»

«አልጽፍም።»

«ለእኔ ብለሽ?»

«ለአንቺ ሌላ ነገር አደርጋለሁ። ቀሚስ ከፈለግሽ እሰፋልሻለሁ። ይህን ግን አላደርግም።»

እርስዎ አላልኳትም፤ ይህም የገባት መሰለኝ።  ካርዱን መኪናዬ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ የጠራኝ የለም።

ከሰዓት በኋላው ነፋስ ከደቻቱ በኩል ተነስቶ ነበር። መስኮቱን ዘጋሁና፣ ስፌቱን ትቼ፣ ባሌ የሠራልኝን ቱቦ ይዤ ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ።