ጉንፋን ነው ያልኩባቸው ወራት

መጀመሪያ ያየሁት ግራ ክንዴ ላይ የወጣ ነጣ ያለ ምልክት ነው። አያሳክክም፤ አያምም። የአዳማ ፀሐይ ያመጣው ቋቁቻ መሰለኝና ተውኩት። ከወራት በኋላ የጋለ ድስት በእጄ አወረድኩ። ጣቶቼ ውሃ መቋጠራቸውን ያሳየችኝ የሰባት ዓመት ልጄ ሶሬቲ ናት።

ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፈነኝ።

«በጥጥ ስነካዎት ይንገሩኝ።»

ጠበቅሁ። «መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኩት።

«አራት ጊዜ ነካሁዎት።»

የሥጋ ደዌ ነበር። ብዙ አስረዳኝ። የቀረውን አልሰማሁም።

የዚያን ቀን ልጄን ሳላቅፍ ገባሁ። መኝታዋን ለየሁ። ፀጉሯን ሹሩባ መሥራቴንም ተውኩ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ልትስመኝ ስትጠጋ፣ «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝሽ» እላለሁ።

«በዚህ ሙቀት የምን ጉንፋን ነው የማይለቅ? የአሰላ ሰው እንኳ እንዲህ አይከርምበትም» ትለኝ ነበር።

በሠላሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ቃል መለየት እወዳለሁ። ሐኪም ይዳስሳል፤ እጁ የሚፈልገው ነገር አለ። እናት ትዳብሳለች፤ እጇ ምንም አይፈልግም። በዚያ ሰሞን የሚዳስሰኝ እንጂ የሚዳብሰኝ አልነበረም። የከለከልኩት እኔው ነኝ።

መድኃኒት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ሶሬቲን ለምርመራ ወሰድኳት። ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሐኪሙ ምነው ሲላት፣ «እማ ተቀይማኛለች» አለችው።

ወደ እኔ ዞረ። «መጀመሪያ ቀን ነግሬዎት ነበር። መድኃኒቱን ከጀመሩ በቀናት ውስጥ ወደ ሰው መተላለፉ ይቆማል። ይቀፏት።»

አቀፍኳት። እሷ ግን አላቀፈችኝም። እጆቿን የዘረጋችው ከሳምንት በኋላ ነው።

ከመድኃኒቶቹ ሪፋምፒሲኑ ሽንቴን እያቀላ፣ ክሎፋዚሚኑ ፊቴን እያጠቆረ፣ አንድም ቀን ሳላቋርጥ የአንድ ዓመቱን ሕክምና ጨረስኩ፤ ለእትዬ ዘይነባም እውነቱን ስነግራት ጉንጬን ግራ ቀኝ ስማ፣ «የጉንፋኑን ውሸት ግን አልምርሽም» አለችኝ።

ሐኪሙንም እሷንም አመሰግናለሁ። ይህን የምታነቡ፣ የደነዘዘ ምልክት ካያችሁ አትዘግዩ፤ በሽታው ከተገኘባችሁ ቤተሰባችሁንም አስመርምሩ። የሐኪሙን ቃል ደግሞ በማግስቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያ ቀን ጆሮ አይሰማም።

ሁለት ጣቶቼ ዛሬም ደንዝዘዋል። ሹሩባ ስሠራ ምን ያህል እንደምስብ አላውቅም። ሶሬቲ ናት «እማ፣ ጠበቀ» የምትለኝ። ላላ አደርግላታለሁ።