ሰባት ዕቃ ያላት ሰንጢና የአያ ተክሌ ጉጠት

ረቡዕ፣ ጧት አንድ ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

የወይዘሮ አስካለ ወረቀት የደረሰኝ ትናንት ነው። አንኮበር ያለው የሞተር ወፍጮዋ ቆሟል። የባሏ ተዝካር ቅዳሜ ነው፤ አሥር ጆንያ እህል ሳይፈጭ ተቆልሏል። «አንድ ብሎን ነው የላላው፤ ድረስልን» ይላል።

እኔ የወፍጮ መካኒክ ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ሰው ቤትም አላድርም። ሥራዬን እጨርስና ውልቅ እላለሁ። ምክንያቱን ልናገር፦ ያደረ እንግዳ «የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርም። አባቴ ባለጅ ነበር፤ ማረሻ ቀጥቃጭ። አገሬው ደግሞ ባለጅን ቡዳ ነው ብሎ ይሸሻል፤ አብሮት አይበላም። ስለዚህ ጥያቄው ሳይመጣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ።

የጭነት መኪናው ረዳት «ሣጥንህን ከሥር እስክናስገባልህ ትንሽ ታገስ» አለኝ። ማን ይታገሳል። የዕቃ ሣጥኔን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ብር ከስሙኒ ከፍዬ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ለአንድ ብሎን ኪሴ ውስጥ ያለችው ሰንጢ ትበቃለች አልኩ።

ከጎኔ ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ተቀምጧል፤ አሞሌ ጨው ሸጦ መመለሱ ነው፤ ነገ ደግሞ በርበሬ ጭኖ ይመጣል። ቆሎ ዘገነልኝና፣ ገና ከተማውን ሳንወጣ፣ «የማን ልጅ ነህ ወንድሜ? አገርህስ ወዴት ነው?» አለኝ።

እኔም ፈጥኜ ሰንጢዋን አወጣሁ። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የሸጠልኝ ናት። እየገለጥኩ ቆጠርኩለት፦ ስለት፣ መቀስ፣ ወስፌ፣ መጋዝ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ቡሽ መንቀያ፣ ካቻቢቴ።

«ሰባት ዕቃ ናት» አልኩት።

«ማሻ አላህ። ግን እኮ ሰንጢ ናት።»

«ሰንጢማ ስለት ብቻ ነው ያለው።»

«የኔ ጩቤም ይቆርጣል፣ ይበሳል፣ ቆርቆሮ ይከፍታል። ታዲያ ሦስት ዕቃ ልትለው ነው?»

«ያንተ በግድ ነው። የኔዋ ለየሥራው ለብቻ የተሠራላት አላት።»

ሳቀ። «ነገ ስንመለስ ስንት ሥራ እንደሠራችልህ ትነግረኛለህ፤ ያኔ እንቆጥራታለን።» ጥያቄውን ረሳው ብዬ ተነፈስኩ።

ሜዳው አልቆ ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ከቆላው የሚወጣው ጉም መንገዱን ዋጠው። ጭላዳዎች ከሣሩ ላይ ቀና ብለው አዩን። ጭቃው ሲበረታ ሾፌሩ «ከዚህ ወዲያ በእግር» አለ። ሰይድ አህያ ሲከራይ እኔ ቀድሜ ሄድኩ።

ሰባት ሰዓት፣ አንኮበር

ወይዘሮ አስካለ ጥቁር ለብሳ ደጅ ጠበቀችኝ። ወፍጮውን ሳላይ አልበላም ብላት ማን ሰምቶኝ። «ብላ ልጄ» ብላ የጾም ሽሮዋን በእጇ አጎረሰችኝ። ቆሜ ዋጥኩና ወደ ወፍጮው።

መጀመሪያ ሰንጢዋ አኮራችኝ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ የቺንጋውን፣ የተተለተለ ጫፍ በስለቷ ቆረጥኩ፣ በወስፌዋ በሳሁ፣ ሰፋሁት። ከዚያ የመዘውሩ ብሎን መጣ። ራሱ በካቻቢቴ ይዞራል፤ ብሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ግን ከብረቱ ወዲያ ማዶ ነው፣ እጄ አይደርስም። ብሎኑን ባዞርኩት ቁጥር ዳዶው አብሮ ይዞራል። የሚይዘው አጣሁ። ሣጥኔ ትዝ አለኝ፤ ራሴን ረገምኩ።

«ጉጠት ያለው ሰው አለ?» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ አንገቷን ደፋች። «አያ ተክሌ ጋ አለ። ግን ልጄ፣ ባለጅ ነው። ዐይን አለው ይሉታል፤ ደጁን የሚረግጥ የለም።»

«ማረሻችሁን ማን ነው የሚሠራው?»

«እሱ ነው» አለች፣ ምንም የማይገርም ነገር እንደሆነ ሁሉ።

አያ ተክሌ ቤት ከመንደሩ ታች ብቻውን ነው። ሽማግሌው ወናፉን ትቶ ሰንጢዬን ተቀበለኝ፤ ሰባቱንም አንድ በአንድ ገለጠ፣ መልሶ አጠፈ። «ጎበዝ ነው የሠራት» አለ። «ስንት ዕቃ ናት ትላለህ?»

«ሰባት።»

«አንዱ ይዞ ሌላው ያዞራል?»

«አይ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ታጥፎ ነው።»

«እንግዲያ አንድ ናት።» ጉጠቱን ዘረጋልኝ።

ተቀበልኩት፤ ሳላስበው ትንሿ ጣቴ በሁለቱ እጀታዎች መሃል ገባች። ጉጠት በአንድ እጅ የሚከፈተው እንዲያ ነው፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ። ሽማግሌው ጣቴን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ከቤትህ ነው የተማርከው» አለ። «አይዞህ፣ አልናገርም። ሂድ ሥራህን ጨርስ።»

መሄድ እችል ነበር። ግን ከወዲያ ማዶ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል፤ የእሱን ጉጠት የሚነካ ደግሞ በመንደሩ የለም። ለብቻዬ ብመለስ ወፍጮው እንደቆመ ቅዳሜ ይደርሳል። «ይነሡ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት።

ወይዘሮ አስካለ በሩን ዘጋችብን። «የተዝካር እህል ነው። እሱስ አይገባም።»

ከደጁ ሳልነቃነቅ፣ «እትዬ፣ እኔም የባለጅ ልጅ ነኝ። እሱ ካልገባ እኔም አልገባም።»

እጇን አየች፤ ያጎረሰችኝበትን እጇን። ከዚያ «ቅዳሜ ሰው ይመጣብኛል» ብላ ለራሷ አጉተመተመችና ከበሩ ገለል አለች። አያ ተክሌ ያዘ፣ እኔ አዞርኩ። ወፍጮው ተነሣ።

ማታ እራታችን ደጅ መጣ፣ ለሁለታችን፣ በተለየ ሳህን። ልጄም አላለችኝም፣ አላጎረሰችኝምም። ከፋኝ፤ አልዋሽም። አያ ተክሌ ግን በደንብ ቆርሶ «ብላ፤ ሽሮው ያው የቀኑ ነው» አለኝ። እሱ ቤት አደርኩ። ሰው ቤት ካደርኩ ስንት ዓመቴ ነው።

ሐሙስ፣ የመልስ ጉዞ

ሰይድ በርበሬውን መኪናው ላይ ጭኖ ጠበቀኝ። «እህስ፣ ስንት ሆነች?»

«አንድ» አልኩት። «እሷም ከወዲያ የያዘልኝ ሰው ስለነበረ ነው።» ከዚያ ሳይጠይቀኝ፣ «ትናንት የማን ልጅ ነህ ብለኸኝ ነበር። የባለጅ ልጅ ነኝ። አባቴ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር» አልኩት።

ቆሎውን ማኘኩን ቀጠለ። እኔም እንደ ልማዴ መኪናው የት ላይ ቀስ እንደሚል፣ የት መውረድ እንደምችል ማየት ጀመርኩ። ሰይድ ጩቤውን ከወገቡ ፈታና ጭኔ ላይ አኖረልኝ።

«ዶልዱሟል» አለ። «ስንደርስ ሞርድልኝ።» ቀጥሎም ቆሎ ዘገነልኝ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ሣጥኔን ከጎረቤት አምጥቼ ሞረዴን አወጣሁ። ሰይድ ደጄ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ፤ ስለ አባቴ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጩቤው ከተሳለ ቆየ፤ እኔም አልተነሣሁም።