ሀጂራ እና አራቱ ዞኖች

ሀጂራ ከድር ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። አባቷ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ የብረታ ብረት ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ሚስማሩን በመጠን፣ ብሎኑን በጥርስ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ዕቃ ከቦታው ከተዛነፈ ምግብ የማይወርድለት። ልጁም እሱኑ ወጣች። ዩኒየኑ ትልቅ የመረጃ ማከማቻ ሲገዛ ከእሷ በላይ የተደሰተ አልነበረም።

ማከማቻው ለማያውቀው ሰው ፍሪጅ ይመስላል። ውስጡ ዲስክ ታጭቆበታል። ሰርቨር የሚባሉት የዩኒየኑ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ስዊች በሚባል ማገናኛ ሳጥን ላይ በፋይበር ገመድ ተሰክተው፣ በስዊቹ በኩል ዲስኮቹ ጋ ይደርሳሉ። አንደኛው ሰርቨር የሃያ ሺህ ገበሬ ስምና የማሳ ካርታ፣ ሁለተኛው የቡና ቅምሻ ውጤት፣ ሦስተኛው ደብዳቤ ይይዛል፤ አራተኛው ለስብሰባ ቪዲዮ የታሰበ፣ ገና ሊመጣ ያለ ነበር። የትኛው ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ፣ ከየትኛው እንደሚገናኝ፣ የትኛው ሰርቨር የትኛውን ዲስክ እንደሚያይ ካልተወሰነ ሁሉም ሁሉንም ያያል፤ አንዱ የሌላውን ዲስክ ባዶ መስሎት ቢጽፍበትም ከልካይ የለውም። እንዲህ ለይቶ ማገናኘትን ባለሙያዎቹ «ዞን» ይሉታል። ስለዚህ ሀጂራ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ይሄይስ ጻፈች፦ «ለአራቱ ሰርቨሮች አራት ዞን እንዲፈጠር ይፈቀድልኝ።»

አቶ ይሄይስ አስጠሯትና በሩን ዘጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ዞን የሚያዋቅረው ምክር ቤት ነው! ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ ያላገኘውን አንቺ በግማሽ ገጽ አራት ትጠይቂያለሽ?»

«የስዊቹ ዞን እኮ ነው፣ አቶ ይሄይስ። ይህኛው ፖርት ከዚያኛው ጋር ብቻ…»

«የምንም ይሁን! እዚህ ቤት መከፋፈል የለም። አንድ ዞን ይበቃል፤ ሁሉም በፍቅር ይጠቀም።»

ደብዳቤው ላይ «በአንድነት ይሠራ» ብለው ማኅተም አሳረፉበት። ሀጂራ የታዘዘችውን አደረገች። ዛሬም የሚቆጫት ይኸው መታዘዟ ነው። የገበሬዎቹን መዝገብ ግን በየወሩ በትንሽ ዲስክ ትገለብጥ ጀመር፤ ይህንን የከለከላት አልነበረም።

አራተኛው ሰርቨር የመጣው እሷ ለሥራ ቴፒ በሄደችበት ሳምንት ነው። በማግስቱ እንግዶች ስለሚመጡ አቶ ይሄይስ መጠበቅ አልፈለጉም። ካሜራ የሚይዘውን ጌታሁንን «ገመድ መሰካት ምን ዕውቀት ይጠይቃል?» ብለው አሰማሩት። ጌታሁን ሰካ። ሰርቨሩም አንድ ትልቅ ዲስክ አገኘና ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ‹በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል?› ይላል።»

«እሺ በለው! እንግዳ ሊደርስ አንተ ከማሽን ጋር ትከራከራለህ?»

እሺ አለው።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የማሳ ማረጋገጫ ሊወስዱ ከጌጫ መጡ። መዝጋቢዋ ደጋግማ ፈለገች።

«እማማ፣ ስምዎ የለም።»

«ባለፈው ሳምንት እናንተው መዝግባችሁኝ የለም እንዴ? ከሌለሁ ቡናውን ማን ለቀመው?»

ቀጥሎ የተሰለፈውም ገበሬ አልነበረም። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ሃያ ሺህ ገበሬ አልነበረም።

ሀጂራ ከቴፒ በረረች። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሠራ ቆይታ መዝገቡን ከትንሿ ዲስክ መለሰች፤ ከግልባጩ በኋላ የተመዘገቡት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ግን የትም አልተገኙም። ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አቶ ይሄይስ ነበሩ። ጥፋተኛው ቫይረስ ሆኖ ተገኘ።

ሀጂራ ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ጻፈችው፤ «ዞን» የሚለውን ብቻ ሰርዛ «ክፍል» አለችው። በዚያው ቀን ተፈቀደላት። ፖርቶቹን ለየች፣ እያንዳንዱን ሰርቨር ከገዛ ዲስኩ ጋር ብቻ አገናኘች። አቶ ይሄይስ ደግሞ በወሩ ለሌሎች ሥራ አስኪያጆች ስለ መረጃ ደህንነት ሥልጠና ሰጥተው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ።

የጠፉትን ማሳዎች እንደገና የሚለካ ሲታጣ ሀጂራ ራሷ ቦቲ አጥልቃ ወጣች። ጌጫ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በጭቃው እየመሯት ድንበራቸውን አዞሯት።

«አሁንስ አለሁ?» አሏት፣ የመለኪያ መሣሪያዋን እያዩ።

«አሉ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ይልቅ ነይ፣ ርቦሻል።»

ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ ሰጧት። ሀጂራ ከዝናቡ ተጠልላ በላችና ወደሚቀጥለው ማሳ ሄደች። ገና ሁለት መቶ አርባ ይቀሯት ነበር።