ጀይላን ቤት ሊያድስ ሲነሳ

ሚዛን ከተማ፣ ገበያው አጠገብ መጋረጃና አልጋ ልብስ የሚሸጠው ጀይላን ጨርቅ የሚገዛው በጣቱ ነው። ያሸዋል፣ ይስበዋል፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ አከፋፋዩ እስኪሰለቸው ድረስ ይገለብጠዋል። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሱቁን ሲከፍቱ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ቤት ሲገዛ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ገዛ።

ጣጣው የመጣው ከስልኩ ነው። አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ አትርፎ መሸጥን የሚያስተምር አንድ ጎረምሳ በቪዲዮ ያይ ነበር። ጎረምሳው «ገዢ የሚገዛው በዓይኑ ነው!» ይላል በየቪዲዮው። መጋረጃ የሚሸጥ ሰው ይህን ካላመነ ማን ያምናል? ጀይላን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

«የራሳችንን የኩሽና በር አስተካክል ካልኩህ ስንት ጊዜዬ ነው?» አለችው ሚስቱ ሐፍሳ።

«እሱ ኢንቨስትመንት አይደለም» አላት።

ጥር ላይ አንድ ደላላ ከሚዛን ጎን ባለችው አማን ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት አሳየው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ጓሮው ውስጥ አቮካዶ ተንዠርግጓል። ባለቤቱ ጋሽ ወልደጻድቅ ቴፒ ወዳለች ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ እቃቸውን ሸክፈዋል። መቼስ ሐፍሳ ወትውታው ካርታውን አጣርቷል፣ ወሰኑንም ከጎረቤት ጋር ዞሮ አይቷል። እዚያ ላይ የሚወቀስበት የለም። ቤቱን ግን ከበሩ ቆሞ ነው ያየው።

«ልጄ፣ አልደብቅህም» አሉት ሽማግሌው። «ይህ ቤት ዝናብ ሲመጣ ያለቅሳል።»

የጀይላን ሆድ ባባ። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ቤት መልቀቅ ከብዷቸው መሰለው። «አይዞዎት ጋሼ፤ እኛም እንደ እርስዎ እንወደዋለን» ብሎ ትከሻቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጋቸው። ጋሽ ወልደጻድቅ ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱና፣ የሰውየውን ደግነት አይተው መልሰው ዘጉት።

ቤቱ ከተገዛ በኋላ አናጢው ተካ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ልውጣ ብሎ ነበር።

«ጣሪያ ማን ያያል?» አለ ጀይላን። «ገዢ ሽቅብ እያየ አይገባም።»

ስለዚህ ሳሎኑ ቢጫ ተቀባ፣ መኝታ ቤቱ ሰማያዊ። ለኮርኒሱ ደግሞ ጀይላን ከሱቁ አበባ ያለበት ጨርቅ አምጥቶ አስወጠረ። የራሱ ዕቃ ነውና በርካሽ አለቀለት። ሲያልቅ መሃል ቆሞ ዞሮ ዞሮ አየው፤ ማማሩ ዓይኑን በእንባ ሞላው። ሐፍሳ እንኳ «የሠርግ ድንኳን አስመሰልከው» ብላ አደነቀች፤ ወይም እሱ ማድነቋ መሰለው።

የመጀመሪያዋ ገዢ በመጋቢት መጣች። ምሕረት ትባላለች፤ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከእናቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ትፈልጋለች። ጀይላን ክራቫት ሁሉ አስሯል። «ውሃው ገብቷል፣ መብራቱ ገብቷል» እያለ ከክፍል ክፍል ያዞራታል። ሳሎን ሲደርሱ ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ። የሚዛን ዝናብ ተው ቢሉት የሚሰማ አይደለም። ጀይላን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ቀለሙ ጥራት ማስረዳቱን ቀጠለ። ምሕረት ግን ቀለሙን ትታ ኮርኒሱን ታያለች። አበባው ጨርቅ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየሰፋ ነበር።

«እዚህ ባንቆም አይሻልም?» አለች።

ሳትጨርሰው ጨርቁ ተተረተረ። ውሃው፣ የስንት ዓመት ጥላሸቱ፣ የአይጥ ጎጆው ሳይቀር በጀይላን ላይ ወረደ። ምሕረት በር ላይ ደርሳ ዳነች። ክራቫቱ እየተንጠባጠበ ሲያያት ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ውሃ ገብቷል ያልከኝ ይሄንን ነው?»

ከሄደች በኋላ ጀይላን የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ ለጋሽ ወልደጻድቅ ደወለ። ቁጣውን አዘጋጅቶ ነበር።

«ነግሬህ ነበር እኮ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ደግሞ አጽናናኸኝ።»

ጀይላን ያዘጋጀውን ቁጣ ተወው። እሳቸውም አልተቀየሙትም። ከኋላ ያለው ዳገት ጎርፉን ወደ ኩሽናው እንደሚልክ፣ የዚያ ወገን ቋሚዎች በምስጥ ማለቃቸውን፣ ሁሉንም ከቴፒ ሆነው አስረዱት። ያኔ ሲገዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጀይላን ያን አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ አሁን ከኋላ። መጀመሪያ ከዳገቱ ሥር የውሃ ቦይ ተቆፈረ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ የተበሉት ቋሚዎች ወጥተው ሌላ ተተከለ፣ ግድግዳው ተመረገ። ያ ሁሉ ቢጫ ቀለም ከነጭቃው ተፍቆ ወደ ጓሮ ተጣለ። ይህን ለመጨረስ ጀይላን ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ከሚዛን እስከ አማን በእግሩ መመላለስ ያዘ። ሐፍሳ ምሳ እያቀበለች «ስፖርት ነው፤ ቦርጭህም እየጠፋ ነው» ትለዋለች። ቀለም የተቀባው ጭቃው ደርቆ፣ ሁለት ኃይለኛ ዝናብ ካለፈ በኋላ ነው። ያ ጎረምሳ ስለ ቦይ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ጀይላንም ማየቱን ተወ።

አትርፎ መሸጡ አልሆነም፤ ትርፉን ቆርቆሮና ምስማር በልተውታል። እንዲያከራየው የመከረችው ሐፍሳ ናት። ለምሕረት ደወለላት፤ ዝናብ ሲጥል ካልሆነ አልመጣም አለች። መጣችና ግማሽ ሰዓት ሳሎኑ መሃል ቆማ ጣሪያውን አዳመጠች። በሳምንቱ ከእናቷ ጋር ገባች። ሞተር ሳይክሉ ባይመለስም ኪራዩ በየወሩ ይመጣል፤ ጀይላን ሲቀበል አሁንም ትንሽ ያፍራል።

ዘንድሮ የሐፍሳ ወንድም ሳዲቅ ቴፒ ላይ አሮጌ ቤት ሊገዛ ፈልጎ አማቹን ጀይላንን ይዞ ሄደ። ጀይላን ግድግዳውን በቡጢው ሲያንኳኳ፣ ቋሚዎቹን በቢላ ሲወጋ፣ አልጋ ሥር በሆዱ ሲገባ ባለቤቲቱ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ልትገዙ ነው ወይስ ሌባ ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ይቅርታ እህቴ፤ ጎረቤቶችሽንም አነጋግራለሁ» አላትና ሳዲቅን ከእሷ ጋር ጥሎት ወደ ቀጣዩ በር አመራ።