ከደወሉ ጋር የሄዱት አቶ ዘርአይ

የወሎ ሰፈሩ ጎረቤቴ አቶ ዘርአይ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሰርቪስ ቤታቸውን ባዶ አድርገው የባቡር ሙዚየም አደረጉት። የጣቢያ ፋኖስ፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ፣ አሮጌ ቲኬት ሞልቶታል። ከሁሉ የሚወዱት ግን ከፈረሰ ጣቢያ ያመጡትን የነሐስ ደወል ነበር። የመጣ ሰው ሁሉ አንዴ ደውሎ ይገባል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገረመው መጣ። ደወሉን ለስብሰባ መጥሪያ ፈልጎታል።

«ጓድ፣ እሱ እንደ እኔ ጡረታ ወጥቷል» አሉት።

«አብዮት ላይ ጡረታ የለም፣ ጋሼ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስመረት በሩ ላይ ቆመው ያማትባሉ። እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ዘርአይ ደወሉን በጨርቅ ወለወሉት።

«እሺ፣ ውሰደው። ግን በእኛ ሥራ ደወል ያለ ደዋዩ አይሄድም። እኔም አብሬው እመጣለሁ።»

ገረመው ሳቀና ተስማማ።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የሚደውሉት እሳቸው ሆኑ። አዳራሹ እስኪሞላ ድረስ ደወሉ ስለነበረበት ጣቢያና ሐዲዱን ስለዘረጉት ሰዎች ያወሩልናል። ከስብሰባ ይሸሽ የነበረው ሰው ሁሉ ቀድሞ መምጣት ጀመረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ የቀረውን ዕቃ ለማየት ደጃቸው በሰው ይሞላ ነበር። እኔም ባቡር ሳልሳፈር አዋሽን ያወቅሁት በእሳቸው አንደበት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።